ከሺራዝ ያልመጣው ሺራዝ

ጠጅ ሲቀርብልን ሁላችንም ዳኞች ነን። ገና ብርሌው ከአፋችን ሳይወርድ «ጌሾው በዝቷል»፣ «ይሄማ ስኳር ነው»፣ «ገና አልበሰለም» እንላለን፤ ማንንም አናስፈቅድም። ቡናም ላይ እንደዚያው ነን። የወይን ጠጅ ዝርዝር የያዘ ወረቀት ፊታችን ሲቀመጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ምላሳችንን ኪሳችን ከትተን የጠርሙሱን ወረቀት ማንበብ እንጀምራለን። ወረቀቱ ካልገባን ዋጋውን እናያለን። ዋጋው ካስደነገጠን የጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያለውን እናዛለን። ከዚያ አንድ ጉንጭ እንጠጣና አስተናጋጁን ቀና ብለን እያየን «አሪፍ ነው» እንላለን። አሪፍ ይሁን አይሁን በውስጣችን ገና አልወሰንም!

ለዚህ ፍርሃት መድኃኒት ይሆነናል ብዬ ያሰብኩት የአንድ የወይን ዝርያ ታሪክ ነው። ፈረንሳዮች «ሲራ» ይሉታል። አውስትራሊያውያን «ሺራዝ» ይሉታል። ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ያው ጥቁር ወይን፣ ያው ዝርያ። ይሄ ዝርያ ለብዙ ዘመን የኖረው በሰው ስም፣ በሰው አገርና በሰው ተረት ነው። እውነተኛ ዘመዶቹ የታወቁት ገና በ1998 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በየመሃሉ ዝርያውን ከመጥፋት ያተረፉት ደግሞ ከወረቀቱ ይልቅ ምላሳቸውን ያመኑ ጥቂት ሰዎች ናቸው። እንግዲህ እንያቸው።

የባሕታዊው ተረት

የሮን ወንዝ በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ከሊዮን ከተማ ወደ ደቡብ ሲወርድ ታን ሌርሚታዥ በምትባል ትንሽ ከተማ ሥር ያልፋል። ከከተማዋ ጀርባ ፊቱን ወደ ፀሐይ ያዞረ ቀጥ ያለ ኮረብታ አለ፤ ምዕራባዊው ክፍሉ ግራናይት ነው። ወይኑ የተተከለው በድንጋይ በተካበ እርከን ላይ ስለሆነ በእግር እንጂ በትራክተር የሚሠራ አይደለም። የኮረብታው ስም ኤርሚታዥ ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «በዓት» እንደማለት ነው፤ የባሕታዊ ማደሪያ። ወይን የሚበቅልበት መሬት ጠቅላላው ወደ 140 ሄክታር ገደማ ብቻ ነው። ከአናቱ ላይ በቅዱስ ክሪስቶፍ ስም የተሠራች አንዲት ትንሽ የጸሎት ቤት ቆማለች።

ተረቱ እንዲህ ነው። ጋስፓር ደ ስቴራምቤር የተባለ ፈረሰኛ ጦረኛ ከመስቀል ጦርነት ቆስሎ ተመለሰ። ደም ማየት መረረው። በ1224 የፈረንሳይን ንግሥት ብላንሽን አስፈቅዶ እዚህ ኮረብታ ላይ መነነ፤ ወይንም ተከለ። እስከዚህ ድረስ ቆንጆ ታሪክ ነው። ተረት ግን አንዴ እግር ካወጣ ማን ያቆመዋል? ቆየት ብሎ ባሕታዊው የተከለው ወይን ከፋርስ፣ ከሺራዝ ከተማ ያመጣው ነው ተባለ። ሺራዝ ደግሞ ቀላል ከተማ አይደለችም። የታላቁ ባለቅኔ የሐፌዝ አገር ናት፤ የድሮ አውሮፓውያን ተጓዦችም የወይን ጠጇን ሲያደንቁ ኖረዋል። «ሲራ» እና «ሺራዝ» ደግሞ ጆሮ ላይ ይቀራረባሉ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

እንቆቅልሹ ያለው ጦርነቱ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ እንደሚተረከው ጋስፓር የተመለሰው በካታሮች ላይ ከተደረገው የመስቀል ጦርነት ነው። ያ ጦርነት የተካሄደው ደግሞ እዚያው ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ነው። እናላችሁ፣ ሰውየው ከአገሩ ሳይወጣ በሺዎች ኪሎ ሜትር ከሚርቅ ከተማ የወይን ቅርንጫፍ አመጣ ማለት ነው።

ሌላም ተረት ነበረ። ሲራኩስ ከምትባለው የሲሲሊ ከተማ የሮማውያን ወታደሮች አመጡት የሚል። ይሄም የቆመው በስም መመሳሰል ላይ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሁለቱም ተረቶች ወይኑን ከሩቅ ያመጡታል። የጎረቤት ልጅ ነው የሚል ተረት የፈጠረ የለም። ከሩቅ የመጣ ነገር የተሻለ ይሸጣላ!

ለሌላው የሠራ ጉልበት

በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኤርሚታዥ ቀይ ወይን በአውሮፓ ነገሥታት ገበታ ላይ የሚቀርብ ውድ መጠጥ ነበር። ያም ሆኖ ከዚያ አካባቢ ከወጣው ወይን ብዙው የሄደው ወደ ሌላ ቦታ፣ ለሌላ ሥራ ነው። ወደ ቦርዶ።

የቦርዶ ወይን ዝናው ትልቅ ነው፤ የአየሩ ነገር ግን አያስተማምንም። ዝናብ በበዛበትና ፀሐይ ባጠረበት ዓመት ወይኑ ይቀጥናል፤ ቀለሙም ይገረጣል። ሲራ ደግሞ ቀለሙ ጥቁር፣ ጉልበቱ ብርቱ ነው። የቦርዶ ነጋዴዎች ታዲያ ወጥ ሲቀጥንባት ቁሌት እንደምትጨምር ባለሙያ የኤርሚታዥን ወይን እየጨመሩ የራሳቸውን ያጠነክሩ ነበር። ሥራው ስም ሁሉ ወጣለት፤ «ኤርሚታዤ» ተባለ፤ «ኤርሚታዥ የተደረገ» እንደማለት። በንግዱ ውስጥ ያሉ ሰዎች አልደበቁትም፤ እንዲያውም የተቀላቀለው ካልተቀላቀለው በላይ ያወጣ ነበር። ናትናኤል ጆንስተን የተባለ የቦርዶ ነጋዴ በ1800ዎቹ መጀመሪያ ለሽርካው በጻፈው ደብዳቤ ላይ በ1795 ከተመረተው ሁሉ የበለጠ የተወደደው ኤርሚታዥ የተቀላቀለበት ላፊት እንደሆነ ነግሮታል።

ላፊት ማለት እንግዲህ በ1855 ቦርዶ ወይኖቿን በደረጃ ስትከፍል አንደኛ ደረጃ ላይ ከተቀመጡት አንዱ ነው። የለንደኑ ጠጪ ብርጭቆውን አንስቶ «ላፊት!» ሲል ያደንቅ ከነበረው ነገር ውስጥ የተወሰነው የሲራ ነበር። ምላሱ በትክክል ፈርዷል። የተሳሳተው ምስጋናውን የሰጠው ሰው ላይ ነው።

ይህ አሠራር በሕግ የተዘጋው በ1930ዎቹ ፈረንሳይ የቦታ ስምን የሚጠብቅ ሥርዓት ስታወጣ ነው። ቦርዶ በ1936፣ ኤርሚታዥ በ1937 በሕግ የተጠበቀ ስም አገኙ። ከዚያ ወዲህ የቦርዶ ስም ባለበት ጠርሙስ ውስጥ የሮን ወይን መጨመር ክልክል ሆነ። ሲራም ቢያንስ በሰው ጠርሙስ ውስጥ መሥራቱን አቆመ።

ከኤርሚታዥ ወደ ሲድኒ

በ1831 መጨረሻ አንድ ወጣት እስኮትላንዳዊ ኤርሚታዥ ኮረብታ ላይ ሲዞር ነበር። ስሙ ጄምስ በዝቢ ይባላል። ቀደም ሲል ወደ አውስትራሊያ ሄዶ ነበርና ያ አገር ለወይን ይሆናል ብሎ በጽኑ ያምናል። ስፔንንና ፈረንሳይን በጥቂት ወራት ውስጥ ዞሮ፣ ከሞንፔሊዬ የዕፅዋት ማዕከል ጭምር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓይነት የወይን ቅርንጫፎች ሰበሰበ፤ በመርከብም ወደ ሲድኒ ላከ። በጉዞ ማስታወሻው ላይ የአካባቢው ሰዎች «ከሺራዝ አንድ ባሕታዊ ያመጣው ነው» እንደሚሉ መዝግቧል። እነሆ ተረቱም ከቅርንጫፉ ጋር መርከብ ተሳፈረ!

በዝቢ ራሱ የወይኑን ፍሬ ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። በ1833 የእንግሊዝ መንግሥት ተወካይ ሆኖ ኒውዚላንድ ሄደ፤ በ1840 ከማኦሪ አለቆች ጋር የተፈረመውን የዋይታንጊ ውል በማርቀቅም ተሳተፈ። ሲድኒ የተተከለው ስብስብ ተገቢውን እንክብካቤ ባያገኝም ከእሱ የተቆረጡት ቅርንጫፎች ወደ ሌሎች እርሻዎች ተበትነው ነበር። ሲራን ወደ አውስትራሊያ ያስገባው በዝቢ ብቻ ነው ማለት አይደለም፤ ትልቁን በር የከፈተው ግን እሱ ነው።

በደቡብ አውስትራሊያ ባሮሳ በተባለው ሸለቆ ደግሞ በሃይማኖታቸው ምክንያት አገራቸውን ጥለው የወጡ ጀርመንኛ ተናጋሪ ሉተራውያን ሰፍረው ነበር። እነሱም ሲራ ተከሉ። ላንግሜይል በተባለው ቦታ በ1843 እንደተተከለ የሚነገርለት ማሳ እስከ ዘመናችን ፍሬ ሲሰጥ ቆይቷል።

እዚህ ላይ ታሪኩ ይገለበጣል። በ1860ዎቹ ፊሎክሴራ የምትባል ከአሜሪካ የመጣች ጥቃቅን ሥር መጣጭ ነፍሳት ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ታየች። በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ የፈረንሳይን ወይን አወደመችው። መፍትሔው የአውሮፓውን ቅርንጫፍ ነፍሳቷን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ ማጣበቅ ሆነ። ዛሬ በኤርሚታዥ ያለው ሲራ በአብዛኛው የቆመው በሰው አገር ሥር ላይ ነው። ደቡብ አውስትራሊያ ግን ነፍሳቷ አልገባችባትም። በራሳቸው ሥር የቆሙ በጣም አሮጌ የሲራ ግንዶችን ማየት የፈለገ ሰው መሄድ ያለበት ወደ ትውልድ አገሩ ሳይሆን ወደ ስደት አገሩ ወደ ባሮሳ ነው።

በድብቅ የተጣለው ወይን

አሁን ወደ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንለፍ። የአውስትራሊያ ሺራዝ በዚያን ጊዜ በአብዛኛው የሚውለው ከምግብ በኋላ ለሚጠጣ፣ አልኮል ለተጨመረበት ጣፋጭ ወይን ነው። ማክስ ሹበርት ፔንፎልድስ የተባለ የወይን ድርጅት ውስጥ በተላላኪነት ጀምሮ ዋና ወይን ጣይ የሆነ ሰው ነው። በ1950 አካባቢ ድርጅቱ ለሌላ ሥራ ወደ ስፔን ላከው። በዚያው ቦርዶ ጎራ ብሎ ዐሥርት ዓመታት የቆዩ ወይኖችን ቀመሰ። አገሩ ሲመለስ የኛም ወይን እንዲህ መቆየት አለበት አለ። ቦርዶ የሚጠቀምበት ካበርኔ የተባለው ዝርያ ያኔ አውስትራሊያ ውስጥ እንደልብ አይገኝም፤ ሺራዝ ግን ሞልቷል። በ1951 የመጀመሪያውን ሙከራ ሠራ። «ግራንጅ ኤርሚታዥ» አለው። (ኤርሚታዥ የፈረንሳዩ ኮረብታ ስም መሆኑን አትርሱ። አሁንም የሰው ስም!)

በ1950ዎቹ አጋማሽ ወይኑ ለድርጅቱ አለቆችና ለታወቁ ቀማሾች ቀረበ። ፍርዱ አሳፋሪ ነበር። ከቀማሾቹ አንዱ የጫካ ፍሬና የተጨፈለቀ ጉንዳን ቅልቅል ነው እስከማለት ደርሷል። ከ1957ቱ ለቀማ በፊት ሲድኒ ያለው ዋና መሥሪያ ቤት «አቁም» የሚል ትእዛዝ ላከ።

ሹበርት አላቆመም። አለቆቹ ያሉት ሲድኒ፣ እሱ ያለው ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አደሌድ አጠገብ ነው። የ1957፣ የ1958 እና የ1959 ምርቶች ማጊል በተባለው ጎተራ ውስጥ በድብቅ ተሠሩ። አዲስ በርሜል መግዣ በጀት ስላልነበረው በአሮጌ በርሜል ሠራቸው። የሥራ ባልደረቦቹም አላጋለጡትም። ጊዜ ሲያልፍ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጠርሙሶች በሰሉ፤ አለቆቹም እንደገና ቀመሷቸው፤ በ1960 «ቀጥል» የሚል ትእዛዝ መጣ። ሹበርት ቀድሞውንም ቀጥሎ ነበር!

እንግዲህ እነዚያ የመጀመሪያ ቀማሾች ምላስ አልነበራቸውም ማለት አይደለም። ወይኑ ገና ልጅ ነበር። ከዚያም በላይ ጥሩ ወይን እንዲህ ነው ብለው አስቀድመው የወሰኑት ነገር አለ፤ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ደግሞ ያንን አይመስልም። በነገራችን ላይ ግራንጅ «ኤርሚታዥ» የሚለውን ስም ያወለቀው ከ1990 ምርት ጀምሮ ነው። አውሮፓውያን የቦታ ስማችንን መልሱ ብለው አጥብቀው ይዘው ነበር።

ግንድ ለነቀለ ገንዘብ

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። በ1980ዎቹ ግን አውስትራሊያውያን ነጭ ወይን ወደዱ፤ ሺራዝ አልሸጥ አለ። የደቡብ አውስትራሊያ መንግሥት ከ1985 ጀምሮ ወይናቸውን ለሚነቅሉ ገበሬዎች ገንዘብ መክፈል ጀመረ። አያት ቅድመ አያት የተከሏቸው አሮጌ ግንዶች ተነቀሉ። አሮጌ ግንድ የሚሰጠው ፍሬ ጥቂት ስለሆነ በሒሳብ መዝገብ ላይ ኪሳራ ነው። የፍሬው ጥራት ደግሞ መዝገብ ላይ አይጻፍም።

በዚህ ጊዜ አንዳንዶች እምቢ አሉ። ፒተር ሌማን የተባለው የባሮሳ ሰው በ1970ዎቹ መጨረሻ ይሠራበት የነበረው ድርጅት ከገበሬዎቹ ወይን እንዳይገዛ ሲያዘው ቃሌን አላጥፍም ብሎ በ1979 የራሱን ሥራ ጀመረ። የድርጅቱን ስም ያወጣው ከአንድ ታዋቂ የሙዚቃ ቴአትር ቁማርተኛ ገጸ ባሕርይ ወስዶ ነው፤ ቁማር ላይ እንዳለ ያውቅ ነበራ! ሌሎችም ትንንሽ ወይን ጣዮች አሮጌ ግንድ ለያዙ ገበሬዎች ከገበያው የተሻለ እየከፈሉ ነቀላውን አዘገዩ። በ1990ዎቹ ዓለም የባሮሳን ሺራዝ ሲፈልግ የሚሸጠው ነገር የተገኘው በእነዚህ ሰዎች ግትርነት ነው። የተነቀለው ግን ተነቅሏል። የመቶ ዓመት ግንድ መልሶ ለማግኘት መቶ ዓመት ያስፈልጋል።

ፈረንሳይ ውስጥም ብዙ የተሻለ አልነበረም። ከኤርሚታዥ በስተሰሜን ኮት ሮቲ የሚባል አካባቢ አለ፤ «የተጠበሰው ተዳፋት» እንደማለት። ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች በኋላ ያን ቀጥ ያለ ገደል የሚወጣ ጉልበት ጠፋ፤ ብዙው እርከን ጫካ ዋጠው። ትንሣኤው የመጣው እንደ ጊጋል ቤተሰብ ያሉ አምራቾች ጸንተው በመሥራታቸውና በ1980ዎቹ ሮበርት ፓርከር የተባለው አሜሪካዊ ሐያሲ ከመቶ ሙሉ ነጥብ እየሰጠ ስላነሳቸው ነው። ወይኑ ዳነ፤ ዋጋው ግን ሰማይ ነካ። ሰውም ከወረቀቱ ተላቆ ነጥቡን መጠጣት ጀመረ። ይሄም ያው ሌላ ወረቀት ነው።

እናቱ ነጭ፣ አባቱ ያልታወቀ

በ1998 ከካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ እነ ካሮል ሜሬዲዝ ከፈረንሳይ የሞንፔሊዬ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው የሲራን ዘረመል (ዲኤንኤ) መረመሩ። ያገኙት ውጤት ተረቶቹን ሁሉ በአንድ ቀን ዘጋቸው። እናቱ ሞንዱዝ ብላንሽ የተባለች ነጭ ወይን ናት፤ ዘመዶቿ ያሉት በፈረንሳይ ተራሮች ሥር በሳቭዋ አካባቢ ነው። አባቱ ዱሬዛ ይባላል፤ ከሮን ማዶ ከአርዴሽ የመጣ ጥቁር ወይን ነው። ሁለቱም ስማቸው የማይነሳ፣ ከማሳ ሊጠፉ የተቃረቡ ዝርያዎች ናቸው። ዘሩ የተገኘው በአጋጣሚ ነው፤ የአንዱ ብናኝ በነፋስ ሌላዋ ላይ አረፈ፤ ከፍሬው ዘር አንድ አዲስ ችግኝ በቀለ።

ፋርስ የለችም፤ ሲራኩስም የለችም። ባሕታዊው ኖሮ ከሆነ የተከለው የጎረቤት ወይን ነው። ሺራዝ ከተማ በበኩሏ ከ1979ኙ አብዮት በኋላ ወይን ጠጅ በሕግ ገበያ ላይ ማውጣት አቆመች፤ ስሟ ግን በዓለም መደርደሪያ ሁሉ ላይ ተደርድሯል። አንዳንድ ሰው ይሄን ሲሰማ ቅር ይለዋል። እኔ ግን ከተረቱ ይልቅ እውነቱን ወደድኩት። ማንም ከማይፈልጋቸው ሁለት ወላጆች፣ ማንም ሳያቅድ፣ እዚያው ሰፈር የተወለደ ልጅ ነው። ለመከበር የነገሥታት አገር አላስፈለገውም።

ቁንዶ በርበሬው የት አለ?

ተረቱ ካለቀ ብርጭቆው ቀርቷልና እንቅመስ። ሲራ ሲቀዳ ጥቁር ሐምራዊ ነው፤ ነጭ ሶፍት ከኋላው ብታደርጉ መሃሉ ብርሃን አያሳልፍም። ሽታው እንጆሪ፣ የጥቁር ፍሬ ዓይነት፣ አንዳንዴ አበባ፣ አንዳንዴም ጪስ የነካው ሥጋ ነው፤ ፈረንጆቹ የተጨሰ ሥጋ ይሉታል፤ እኛ ቋንጣ ብንለው አንሳሳትም። አፍ ውስጥ ሲገባ ያልበሰለ ሙዝ እንደነከሰ ሰው ድድ ይደርቃል፤ ይሄ ታኒን የሚባለው ነገር ነው፤ ከወይኑ ቆዳና ፍሬ የሚመጣ። ወይኑ ዕድሜ ሲያገኝ ይለሰልሳል።

ቦታው ጣዕሙን ይለውጠዋል። እንደ ሰሜን ሮን ባለ ቀዝቀዝ ባለ አካባቢ የበቀለው ቀጠን፣ ኮምጠጥ፣ ቅመም ቅመም የሚል ነው። እንደ ባሮሳ ባለ ሞቃት ቦታ የበቀለው ወፍራም ነው፤ ማርማላታና ቸኮሌት ያስታውሳል፤ አልኮሉም ከፍ ይላል። በተለምዶ የመጀመሪያውን መንገድ የተከተለ ጠርሙሱ ላይ «ሲራ» ብሎ ይጽፋል፤ ሁለተኛውን የተከተለ «ሺራዝ»። ሕግ አይደለም፤ ልማድ ነው።

የሲራ ዋነኛ ምልክት ግን የቁንዶ በርበሬ ሽታ ነው። ቀማሾች ለብዙ ዘመን «ቁንዶ በርበሬ» ሲሉ ሰው ማስመሰያ ይመስለው ነበር። በ2008 የአውስትራሊያ የወይን ምርምር ተቋም ሳይንቲስቶች ምክንያቱን አሳተሙ። ሮተንዶን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ሲራ ውስጥ ያለው እውነተኛ ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ያው ራሱ ነው። የጥብስ ቅጠል፣ ጦስኝና በሶብላ ውስጥም ይገኛል። ቀይ ወይን ውስጥ ለመሽተት በሊትር 16 ናኖ ግራም ብቻ ይበቃዋል፤ ናኖ ግራም ማለት የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ ነው። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ የበቀለ ወይን ደግሞ በብዛት ይይዘዋል።

ከዚሁ ጥናት እኔን ያስደነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ከተሞካሪዎቹ ከአምስት አንዱ ገደማ ሮተንዶንን፣ መጠኑ እጅግ ከፍ ተደርጎም እንኳ፣ ጭራሽ ማሽተት አልቻለም። አያችሁት? ሁለት ጓደኛሞች አንድ ጠርሙስ ከፍተው አንዱ «ቁንዶ በርበሬ» ቢል፣ ሌላው «የምን ቁንዶ በርበሬ?» ቢል ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። አንዱ አዋቂ፣ ሌላው መሃይም ስለሆነ አይደለም፤ አፍንጫቸው ስለሚለያይ ነው።

መሞከር የፈለገ እንዲህ ያድርግ። ጠርሙሱ ሞቆ ከሆነ ለሃያ ደቂቃ ያህል ፍሪጅ ውስጥ ያስገባው፤ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል። ብርጭቆውን አንድ ሦስተኛ ብቻ ይቅዳ። መጀመሪያ ሳይነቀንቅ ያሽት፤ ከዚያ አዙሮ ያሽት። አጠገቡ ሁለት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ጨፍልቆ ያስቀምጥና እያፈራረቀ ያሽት። ከዚያ ይጎንጭና አፉ ውስጥ ትንሽ ያቆየው። የጥብስ ቅጠል በገባበት ጥብስ ቢሞክረው ይስማማዋል። ሚጥሚጣና አዋዜ ግን የአልኮሉን ማቃጠል ስለሚያብሱት ይጠንቀቅ። ያገኘውን ነገር ደግሞ በራሱ ቃል ይጥራው። «ቋንጣ» ካለው ቋንጣ ነው።

ቦርዶ ዝዋይ ስትመጣ

ይሄ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ከመሰላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት ዝዋይ (ባቱ) አጠገብ ከመቶ ሄክታር በላይ መሬት ላይ የፈረንሳይ የወይን ዝርያዎችን ተክሎ በ2014 የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ አውጥቷል። ከተከላቸው ውስጥ ሜርሎና ካበርኔ ሶቪኞ የሚባሉት የቦርዶ ዝርያዎች አሉ። ሦስተኛው ቀይ ደግሞ ሲራ ነው፤ «ሪፍት ቫሊ» በተባለው ጠርሙስ ላይ ስሙ በግልጽ ተጽፎ ወጥቷል።

ካስቴል የተመሠረተው በ1949 ነው። የት? ቦርዶ። ያች ድሮ የሲራን ጉልበት በራሷ ስም ትሸጥ የነበረች ከተማ! ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የቦርዶ ድርጅት ሲራን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከራሷ ዝርያዎች ጎን ተከለው፤ በገዛ ስሙም ጠርሙስ ላይ አወጣው። ታሪክ አንዳንዴ ዕዳውን እንዲህ በማይጠበቅ ቦታ ይከፍላል።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ በሚቀጥለው የወይን ዝርዝሩ ሲመጣ አትፍሩ። ያ የሚያስፈራን ወረቀት ለብዙ ዘመን ስለ ባሕታዊና ስለ ፋርስ ሲነግረን ኖሮ በመጨረሻ የጎረቤት ልጅ መሆኑን ያወቅነው ገና ትናንት ነው። የላፊት አድናቂዎች ያደነቁት በከፊል ሌላ ወይን ነበር፤ የግራንጅ ነቃፊዎች የነቀፉት ኋላ ያከበሩትን ነው። ጠጅ ላይ ያለን ድፍረት እዚህም ይሠራል። ካልጣመን አልጣመንም እንበል፤ ከጣመን ደግሞ ለምን እንደጣመን በአማርኛ እንናገር። እየነዳችሁ ከሆነ ግን ቅመሱና ትፉት፤ ባለሙያዎቹም የሚያደርጉት እንደዚያው ነው።

ቸር እንሰንብት።